ያየ ሰው ምን ዕዳ አለበት?
ስለ ቤተ መዘክር፣ ስለ ዘመናዊ ሥዕልና ስለ ላስታ ፍልፍል ቤቶች

አማርኛ «ቤት» የሚለውን ቃል በብዙ ሥፍራ ያሠራዋል። ሰው የሚያድርበት ቤት ነው፤ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ምእመን የሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስንኝ ከስንኝ ሲገጥምም «ቤት መታ» እንላለን። የጥንት ዕቃና የጥበብ ሥራ ተሰብስቦ ለሕዝብ የሚታይበትን ሥፍራ ደግሞ «ቤተ መዘክር» ብለን ሰይመነዋል። መዘክር ማለት ማስታወሻ ነው። እንግዲህ ስሙን በትክክል ከፈታነው ቤተ መዘክር የማስታወሻ ቤት እንጂ የዕቃ ማከማቻ ሊሆን አይገባውም ነበር። ማስታወስ የሰው ሥራ ነው። ግድግዳው ቢያምር፣ ብርሃኑ ቢስተካከል፣ መስተዋቱ ቢጠራ፣ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ቤቱ ዕቃ ቤት ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ውብ ነገርን ማየት ያለ ዕዳ ነውን? ሰው ወደ አንድ ያማረ ቤት ገብቶ፣ በውስጡ የተሰቀለውን ሥዕል አይቶ፣ ተደንቆ ሲወጣ፣ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ እንደ ሆነ ግዴታው አበቃ ማለት ነውን? ወይስ ማየት ራሱ በተመልካቹ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ሸክም አለ? ነገሩ ጊዜ ለተረፈው ሰው የሚቀርብ የፍልስፍና እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። በላስታ ተራሮች መካከል ቆሞ ለሚያስበው ግን የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። በዚያ አገር ማን ምን ማየት እንደሚገባው፣ የታየው ነገር የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ቅርስን ለመጠበቅ ሲባል ማን ከቤቱ መነሣት እንዳለበት የሚወሰነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ቤቱ ራሱ ሥዕል ሲሆን

በአዲስ አበባ፣ በመካኒሳ አካባቢ፣ ዞማ ሙዚየም ይገኛል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ለብዙ ዓመታት ደክመውበት በ2019 ለሕዝብ የከፈቱት ነው። ግድግዳው ከጭቃና ከጭድ ነው። አያቶቻችን ጎጆ ሲሠሩ ጭቃውን በእግራቸው እየረገጡ፣ ጭዱን እየቀላቀሉ፣ በማገሩ ላይ ይመርጉት የነበረው ያው ጭቃ ነው። ልዩነቱ እዚህ መራጊው ሠዓሊ መሆኑ ነው። ግድግዳው ለስልሶና ተስተካክሎ በመቅረት ፈንታ በጣት የተሳለ ያህል እየተጠማዘዘ፣ እያበጠ፣ እየጎደጎደ ይሄዳል። ወደዚያ የሚገባ ሰው ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ቤቱን ያያል።

ኤልያስ ስሜ በሥራው የሚገለገልበት ቁስም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከመርካቶ የተሰበሰበ አሮጌ አዝራር፣ ክር፣ ከተበላሸ ኮምፒዩተር የወጣ ሰሌዳና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሌላው የጣለውን ያነሣል፤ አንዱን ከሌላው እየጠለፈና እያያያዘ ከሩቅ ሲታይ የእርሻ ማሳ ወይም የከተማ ካርታ የሚመስል ሰፊ ሥዕል ያደርገዋል።

ስለ እንዲህ ዓይነቱ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰነዘር ተቃውሞ አለ። «ቤቱ እጅግ ካማረ በውስጡ ያለውን ሥዕል ይውጠዋል፤ ተመልካቹም ሥዕሉን ትቶ ጣሪያና ግድግዳ ሲያይ ይውላል» ይባላል። ተቃውሞው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። በስፔን ቢልባኦ ከተማ በ1997 የተከፈተውን፣ አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የነደፈውን የጉገንሃይም ሙዚየም ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ስለ ሕንጻው ቅርጽ ብዙ ሲናገር በውስጡ ያየውን ሥዕል ስም ሲጠየቅ ቢያመነታ አይደንቅም።

ነገር ግን ፍርዱን የሚወስነው የቤቱ ማማር መጠን አይመስለኝም። የሚወስነው ቤቱና ሥዕሉ አንድ ነገር መናገራቸው ወይም አለመናገራቸው ነው። በዞማ ጭቃውና ሽቦው የሚሉትን አንድ ላይ ብናዳምጥ ሁለቱም ስለ ተናቀ ነገር ይመሰክራሉ። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ተደርጎ ተንቋል፤ አሮጌ ሽቦ ቆሻሻ ተብሎ ተጥሏል። ሠዓሊው ሁለቱንም አንሥቶ «እስቲ እንደ ገና እዩት» ይለናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ አበው። የጥበብ አንዱ ተግባር ከመዳብ የቆጠርነውን ወርቅ መልሶ በወርቅነቱ ማሳየት ነው። ቤቱና ሥዕሉ በዚህ ተግባር ከተባበሩ አንዱ ሌላውን አይውጠውም፤ ይደግፈዋል እንጂ።

፪. በመቀነስ የተሠራ ቤት

ከዚህ ተነሥተን ወደ ላስታ እንውጣ። ጭቃ መራጊ ይጨምራል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን ይቀንሳል። ቦታው በቀድሞ ስሙ ሮሃ ይባል ነበር። 11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ ዓለት የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ትውፊት ሥራቸውን በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ በአንድ ዘመን ብቻ ተጀምረው ያለቁ አይደሉም ይላሉ። ከሁሉ የሚሰፋው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 11 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ይህ ሁሉ አንድ ወጥ ዓለት ነው።

ጠራቢው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያውን ሲጀምር መሠረቱን አላየውም። በጭቃ ቤት የተሳሳተ ይፈርስና እንደ ገና ይመረጋል፤ ከዓለት የተቆረጠ ግን ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ገና ያልታየውን ምሰሶ፣ ገና ያልተከፈተውን መስኮት በልቡ ይዞ መውረድ ነበረበት። ዛሬ እኛ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ቀርበን በአንድ አፍታ የምናየውን ቅርጽ እርሱ ያየው በዓመታት ነው።

ይህን የሠሩት እነማን ናቸው? ስማቸው አልደረሰንም። ትውፊቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይላል። ይህን ትውፊት አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች እንደ ተራ ተረት ቆጥረውት አልፈዋል። እንደ ቅኔ ለሚሰማው ግን ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ መላእክቱ ናቸው፤ ወርቁ ሌሊቱ ነው። ሕዝቡ ቀን ብቻ ተሠርቶ ይህ ሁሉ ሊያልቅ እንደማይችል አውቋል። ሰው ከጉልበቱ በላይ መሥራቱን የሚገልጽበት ከዚህ የከበረ ቃል ስላላገኘ የሌሊቱን ድካም ለመላእክት ሰጠ። እምነቱን የያዘ በእምነቱ ይስማው፤ ሁላችንም ግን በትውፊቱ ውስጥ ላብ መኖሩን አንርሳ።

አሁን ለጥያቄያችን ቁልፍ የሚሆነውን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተራራ ዋሻ ውስጥ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ የተፈለፈለ ሳይሆን የተገነባ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ ቆሟል። ስልቱ ከአክሱም የወረደ ነው። ከዚያ ወደ ላሊበላ ተመልሰን በቤተ አማኑኤል ፊት ብንቆም ግድግዳው አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ እያለ በረድፍ በረድፍ ተቀርጾ እናያለን። ይኸው የእንጨቱና የድንጋዩ ረድፍ ነው። ቤተ አማኑኤል ግን ሙሉ በሙሉ ዓለት ነው፤ እንጨት አላስፈለገውም። ረድፉ ቤቱን ለማቆም አንዳች አይጠቅምም። ታዲያ ጠራቢው ያን ሁሉ ድካም ለምን ደከመ?

ለማስታወስ ነው። የአባቶቹ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ ዓለቱ እንዳይረሳው ነው። እንግዲህ በቃሉ ጥሬ ትርጉም ቤተ አማኑኤል ቤተ መዘክር ነው። ያስታወሰበትን መንገድ ግን ልብ እንበል። አሮጌውን ሳንቃ ነቅሎ በሣጥን አላኖረውም። በአዲስ ቁስና በአዲስ ስልት እንደ ገና ሠራው። በዘመኑ ዓይን ካየነው ያ ጠራቢ ዘመናዊ ከያኒ ነበረ። ወግ አጥባቂነትና አዲስነት እንደ ጦር ሜዳ ባላንጣዎች ተደርገው በሚቀርቡበት ክርክር ውስጥ ይህ ግድግዳ ብዙ ይናገራል።

፫. ሁለቱ ጎልጎታዎች

በላሊበላ ካሉት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል። በውስጡ የሰው ቁመት የሚያህሉ፣ በግድግዳው ላይ ጎልተው የተቀረጹ የቅዱሳን ምስሎች አሉ። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንጂ እንዲህ ያለ የድንጋይ ምስል እምብዛም አይገኝም፤ ስለዚህ ቤተ ጎልጎታ ለሥነ ጥበብ ታሪካችን ልዩ ሥፍራ አለው።

ሌላም ጎልጎታ አለን። በሐረር በ1932 የተወለደው፣ ባለቅኔም ሠዓሊም የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1963 «ጎልጎታ» የተሰኘውን ሥዕሉን ሣለ። ቀይ ቀለም የሚገዛው ሥዕል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የስቅለት ሥዕል ሰውነቱን፣ ፊቱን፣ በግራና በቀኝ የቆሙትን ለይቶ ያሳየናል፤ እርሱ ግን አብዛኛውን ቀንሶ ሥቃዩን አስቀረው። በዘመኑ ይህ አሣሣል የኢትዮጵያ አይደለም ያሉት ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ በ1981 ከአገሩ ርቆ በአሜሪካ አረፈ። ጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ።

«የኢትዮጵያ አይደለም» የሚለውን ፍርድ ይዘን ወደ ላሊበላ ብንመለስ ምን እናገኛለን? ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሆነን ወደ ታች እንየው። ጣሪያው መስቀል ነው፤ በመስቀሉ ውስጥ መስቀል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ መስቀል ተቀርጿል። ፊት የለም፤ እጅ የለም፤ ታሪክ የሚተርክ ትዕይንት የለም። መስመርና ጥላ ብቻ ነው። ይህን አይቶ የተንበረከከ ገበሬ ረቂቅ ሥዕል አይቷል፤ ደግሞም ገብቶታል። ረቂቅ አሣሣል ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንግዳ ነው የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይፈርሳል።

አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፤ «ገበሬው የገባው መስመሩ አይደለም፤ የመስቀሉን ትርጉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ ነው። የዘመናዊው ሥዕል ግን የጋራ ቁልፍ የለውም።» መልሱ እውነት አለው። ነገር ግን ያ ቁልፍ ከሰማይ በራሱ አልወረደም። በቅዳሴ፣ በስብከት፣ በእናት ተረት፣ በበዓል ጉዞ ለብዙ መቶ ዓመት ተሰጥቶ ነው ሕዝቡ እጅ የገባው። ለዘመናዊው ሥዕል ይህን ያህል ማን ደከመለት? ሥዕሉን በዋና ከተማው ሰቅለን፣ በሩን ለጥቂቶች ከፍተን፣ ከዚያ «ሕዝቡ አልገባውም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የላስታ ተማሪ ቤተ ጎልጎታ ከደጁ ነው፤ የገብረ ክርስቶስን ጎልጎታ ግን ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካልሆነ አያየውም። የአዲስ አበባው የሥዕል አፍቃሪ ደግሞ ሁለተኛውን ያውቅና የመጀመሪያውን በፖስት ካርድ ያየዋል። እኩሌታውን የያዙ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ ይቀራሉ።

በማየት ረገድ ያለው ፍትሕ መጓደል በርቀት ብቻ አያበቃም። በቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንዳይገቡ የሚከለክል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ቤተ አባ ሊባኖስን ግን የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ እንዳሠራችው ያው ትውፊት ይነግረናል። ሥርዓቱ የባለቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነውና በዚህ ጽሑፍ አልሟገተውም። የማነሣው ይህን ብቻ ነው፦ የተቀደሰ ሥፍራ የራሱ ሥርዓት ይኖረዋል፤ ቤተ መዘክር ግን ለሁሉም እከፍታለሁ ብሎ የቆመ ቤት ነው። ስለዚህ በሩ ለማን እንደ ተዘጋ ሲጠየቅ በሥርዓት ሊያመካኝ አይችልም። ድኻው፣ ገበሬው፣ የገጠር ተማሪዋ ካልገቡበት የገባውን ቃል አፍርሷል።

፬. መጠበቅና መንጠቅ

ከላስታ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ደላንታ ይገኛል፤ ከደላንታ ባሻገር መቅደላ። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ እዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ ባለሙያ ነበረ፤ ለቤተ መዘክሩ የሚበጀውን እየመረጠ ገዛ። ጥበቃና ዘረፋ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ ተገናኙ።

ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ታቦት ከካህናት በቀር በማንም እንዳይታይ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ያዝዛል። ቤተ መዘክሩም ይህን ሥርዓት አከብራለሁ ብሎ በተለየ ክፍል ዘግቶባቸዋል፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የራሱ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም። ይህ ነገር ጥልቅ ማሰላሰል ይገባዋል። ለማሳየት የተቋቋመ ቤት ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ይዟል። አያሳየውም፤ አያጠናውም፤ አይቀድስበትም። የቀረው አንድ ግስ ብቻ ነው፤ መያዝ። አክብሮቱ ራሱ በባለ አክብሮቱ ላይ ይፈርዳል፤ እንዳይታይ ያደረገው ቅድስና ከሆነ፣ ቅድስናው የሚመሰክረው ታቦቱ የመቅደስ መሆኑን ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው ቅርስ በነበረበት ይኑር፤ ቤተ መዘክር የሚባል ነገር አያስፈልገንም» ሊል ይዳዳዋል። ተቃራኒውንም እንመርምር። ቢልባኦ ያን ያማረ ሙዚየም በከፈተችበት በዚያው በ1997 ዓመት ከቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል ተሰረቀ። ሕዝብ የሚሳለመው፣ ሕሙማን የሚባረኩበት መስቀል ነበረ። በቤልጅግ አገር ከአንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ በ2001 ተመለሰ። መስቀሉ ከቦታው አልተነቀለም ነበር፤ በአገልግሎት ላይ ነበረ፤ በምእመናን ፍቅር ተከብቦ ነበር። ፍቅር ብቻውን ግን ቁልፍ አልሆነም። ለንደን ያለው ታቦት መጠበቅ ያለ ባለቤትነት ምን እንደሚመስል ሲያሳየን፣ አፍሮ አይገባ ደግሞ ባለቤትነት ያለ በቂ ጥበቃ ምን እንደሚገጥመው አሳየን።

ጥበቃም ቢሆን የራሱ አደጋ አለው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ዝናብና ፀሐይ ዓለቱን እየበሉት ስለ ሄዱ በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአራት ሥፍራ ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ሲታሰቡ ጊዜያዊ ነበሩ። ዓመታት አለፉ፤ መጠለያው ራሱ ለሕንጻው ስጋት ሆነ የሚል ፍርሃት በሕዝቡ ዘንድ አደገ፤ በ2018 የከተማው ነዋሪና ካህናቱ አደባባይ ወጥተው አቤት አሉ። ከዚህም በቀር ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ላስታ የምትታወቅባቸው ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ከታች ከብት ከላይ ሰው ያድርባቸው የነበሩት፣ ጥቂቶቹ ለቅርስነት ቆመው ሰው አጡ። ዓለቱን ከዝናብ ለማዳን የተነሣ ሐሳብ በጎ ነው። ሆኖም የሚያስታውሱትን ሰዎች አርቆ ማስታወሻውን ማስቀረት እንዴት ያለ ጥበቃ ነው? ጎረቤቱን ያጣ ቤት ተመልካች ቢበዛለትም ብቸኛ ነው።

የጦርነቱ ዘመን ይህን አጉልቶ አሳየን። በ2021 ውጊያው ላስታ ደርሶ ላሊበላ በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ የዓለም ዓይን በድንጋዩ ላይ ነበረ። ሥዕል ተጠቅልሎ ይሸሻል፤ ብራና በጨርቅ ታስሮ በዋሻ ይደበቃል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ወዴት ይሸሻል? ሥር ያለው ነገር ጠባቂው በሥሩ ያለ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በሰላም ጊዜ እንደ እንቅፋት ከተቆጠረ በክፉ ቀን በማን ላይ እንመካለን?

፭. የተመልካች ዕዳ

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ያየ ሰው ዕዳ አለበት የምል ከሆነ ዕዳው ምንና ለማን እንደ ሆነ መናገር አለብኝ። ሦስት ሆኖ ይታየኛል።

የመጀመሪያው ምስክርነት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ሄደ። መጽሐፉ በ1540 ሲታተም ስለ እነዚህ ሕንጻዎች ከጻፈ በኋላ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰጋ፤ የጻፈው እውነት ለመሆኑም በእግዚአብሔር ስም ማለ። ይህ ሰው ዕዳውን ያወቀ ተመልካች ነበረ። የራሱን መደነቅ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ላላዩት ሰዎች ኃላፊነት እንዳለበት ተሰማው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፍ ግን ብዙ ጊዜ «እኔ እዚያ ነበርሁ» ይላል እንጂ «እዚያ ይህ አለ» አይልም። ምስክርነት ራስን ከፊት ማንሣትን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዕዳ ለሠሪውና ለጠባቂው ነው። ሥዕል ያየ ሰው የሠዓሊውን ስም ይጠይቅ፤ ስሙ የጠፋ እንደ ሆነ ድካሙን ያስብ። ጠባቂውን ደግሞ በዓይኑ ይየው። በላስታ ጠባቂው የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ነው፤ ከድንጋያማው መሬት ከሚያገኘው ጥቂት እህል ለደብሩ የሚያካፍለው ገበሬ ነው፤ በዘመናዊው ሙዚየም በር ላይ ቆሞ የሚውለው ዘበኛ፣ ወለሉን የምትጠርገው ሠራተኛ ናት። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ እነዚህን አልፎ ወደ ሩቅ ከሄደ የተመልካቹ ዕዳ አልተከፈለም፤ ለሌላ ሰው ተከፍሏል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ መልሶ መሥራት ነው። የቤተ አማኑኤል ጠራቢ ያየውን የእንጨት ቤት በዓለት መለሰው። ኤልያስ ስሜ የጎጆውን ጭቃ በሙዚየም ግድግዳ መለሰው። ገብረ ክርስቶስ የቤተ ክህነቱን ስቅለት በራሱ ቀይ መለሰው። ሦስቱም አይተው አልቀሩም፤ ያዩትንም አልገለበጡም። ሁላችንም ሠዓሊ እንሁን ማለቴ አይደለም። መምህር ያየውን በክፍሉ ውስጥ ይመልሰዋል፤ እናት በተረቷ፤ ግንበኛ በሚሠራው አጥር፤ አስተዳዳሪ በሚፈርመው ውሳኔ ይመልሰዋል። ምንም ሳይመልስ የቀረ ተመልካች ከሰብሳቢው የሚለየው ኪሱ ባለመሙላቱ ብቻ ነው።

ሦስቱም ዕዳዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈሉ ማየት የሚሻ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በልደት በዓል፣ ወደ ላሊበላ ይውጣ። ከዋግ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ ነጭ ለብሶ በእግሩ የመጣው ሕዝብ አፋፉን ሞልቶ ያድራል። በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከፊሉ በማሜ ጋራ ላይ፣ ከፊሉ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። በሙያዬ ተውኔት ጸሐፊ ነኝና መድረክና ተመልካች እንዴት እንደሚለያዩ አውቃለሁ። እዚያ መጋረጃ የለም። የሚያየው ያዜማል፤ የሚያዜመው ይታያል፤ ሕንጻው ራሱ ድምፁን ተቀብሎ ይመልሳል። ቤቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ማንም «ቤቱ በዓሉን ዋጠው» አይልም፤ ምክንያቱም ቤቱም በዓሉም አንድ ነገር ይናገራሉና።

ከዚህ ተነሥተን ወደፊት በላስታ ስለሚታሰብ ቤተ መዘክር ጥቂት ማለት ይቻላል። ጥንታዊውን ዕቃ ከየደብሩ ሰብስቦ የሚቆልፍ ቤት ከሆነ የደላንታውን ሐራጅ በለሰለሰ መልክ መድገም ይሆናል። መስቀሉ በበዓሉ ቀን ወደ ደብሩ የሚመለስበት፣ በሌላው ቀን በአስተማማኝ የሚጠበቅበት፣ ባለቤትነቱም የማይነካበት ቤት ከሆነ ግን አፍሮ አይገባን ከመሰለ ኀዘን ያድነናል። ሁለተኛ፣ የዘመናችን ሠዓሊዎች ሥራ በዚያ ቤት ሥፍራ ማግኘት አለበት። አለ ፈለገ ሰላም በ1958 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ልጆች ሥዕል ላስታ ድረስ ወጥቶ ከቤተ አማኑኤል ጋር ፊት ለፊት ይተያይ። የማይረባው ሥዕል በዚያ ፊት ቆሞ ያፍራል፤ የሚረባው ይከብራል። ሦስተኛ፣ ቤቱ ከአገሩ ድንጋይ፣ በአገሩ ግንበኛ እጅ ይሠራ፤ ሲሠራም ማንም ከቀዬው አይነሣ። ዞማ በአዲስ አበባ ጭቃን ካስከበረ፣ ያ ክብ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት በላስታ የማይከበርበት ምክንያት የለም።

መምህራን፣ የባህል ሠራተኞችና ከያንያን ሆይ፣ ይህ ሥራ ገንዘብ እስኪገኝ መቆየት የለበትም። በላሊበላ አንድ መምህር የገብረ ክርስቶስን ሥዕል ቅጂ ይዞ ተማሪዎቹን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቢወስድ፣ «ሁለቱ ሰዎች ምን ቀነሱ? ምን አስቀሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቤተ መዘክሩ በዚያች ሰዓት ተከፍቷል። ልጆቹ ሲመለሱ ያዩትን በከሰል ይሁን በጭቃ ለመሥራት ቢሞክሩ ዕዳቸውን መክፈል ጀምረዋል። ግድግዳውና ጣሪያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።